የእድር ገንዘብ ለሕያዋን

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ሲወጡ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ እንጦጦን ተሻግረው በጎጃም መንገድ ሲወርዱ ሱሉልታ ይገኛሉ። ሦስቱም ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በፊንፊኔ ዙሪያ የኦሮሚያ ልዩ ዞን ሥር የነበሩ ከተሞች ናቸው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሸገር ከተማ አካል ሆነዋል። በታክሲ የሚሄድ ሰው አዲስ አበባ የት ላይ አልቆ ቡራዩ የት ላይ እንደሚጀምር ልብ ሳይል ያልፋል። ሱቁም፣ የቆርቆሮ አጥሩም፣ የክረምቱ ጭቃም ያው ነው። ለድሃ ልጅ ግን ያ በዓይን የማይታይ ወሰን ብዙ ነገር ይወስንበታል።

እስኪ ከቁጥር እንጀምር። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲና ዩኒሴፍ በ2011 ዓ.ም. ይፋ ያደረጉት ጥናት የልጆችን ድህነት የለካው በወላጆቻቸው ገቢ አልነበረም። ልጁ ምን ጎደለበት ብሎ ነው የጠየቀው። ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃ፣ መኖሪያ ቤት፣ ጤና፣ ምግብ፣ ትምህርትና የመሳሰሉትን እንደየዕድሜው እየመዘነ፣ ቢያንስ ሦስቱ የጎደሉበትን ልጅ ድሃ ብሎ ቆጠረው። በዚህ ሚዛን ከ18 ዓመት በታች ካሉት የኢትዮጵያ ልጆች 88 ከመቶው ድሆች ሆነው ተገኙ። አዲስ አበባ ላይ ቁጥሩ 18 ከመቶ ነው፤ ኦሮሚያ ላይ 90 ከመቶ። በእርግጥ የኦሮሚያው ቁጥር ሰፊውን ገጠር ስለሚያጠቃልል በቀጥታ ቡራዩ ላይ ሊለጠፍ አይችልም። ሆኖም እነዚህ ከተሞች በምን መካከል እንደተቀመጡ ያሳያል። የቤት ኪራዩና የሸቀጡ ዋጋ የአዲስ አበባን ይከተላል፤ የውኃ ቧንቧው፣ የጤና ጣቢያውና የትምህርት ቤቱ አቅም ግን ከትንንሽ ከተሞች የበጀት ቋት የሚቀዳ ነው።

ሰውም ወደዚህ የሚመጣው ከሁለት አቅጣጫ ነው። አንዱ የአዲስ አበባ ኪራይ የገፋው ነው፤ መሀል ከተማ ሠርቶ ማታ ማታ ወደ ዳር የሚገባ። ሌላው ከገጠር ሥራ ፍለጋ የመጣ ነው። ሰበታ ሜታ አቦ ቢራን ጨምሮ ፋብሪካ የበዛበት ከተማ ነው፤ አካባቢው የአበባ እርሻም አለው። ቡራዩ ሽመናና የድንጋይ ካባ አለው። ሱሉልታ በድርቆሹና በወተቱ የታወቀ ነው። ሁለቱም ዓይነት መጤዎች ዘመድ ከሌለበት ሰፈር ነው የሚያርፉት። የገጠር ድሃ ልጅ ቢርበው የአክስት ቤት አለው፤ የከተማ ዳር ድሃ ልጅ ግን አክስቱ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቃ ነው ያለችው።

የመንግሥት ድጋፍም በዚሁ ወሰን ይቆረጣል። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር የመረጠው 11 ከተሞችን ነበር። አዲስ አበባ ነበረችበት፤ ከኦሮሚያ የገባችው አዳማ ናት። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበሩም። ስለዚህ በዚያ ዘመን በኮልፌ በኩል ያለች ችግረኛ እናት መንገድ ጠርጋ ወርሃዊ ክፍያ ስታገኝ፣ አሸዋ ሜዳን አለፍ ብላ ቡራዩ የተከራየች ጓደኛዋ ያንኑ ዕድል መጠየቅ እንኳ አትችልም ነበር። በሁለተኛው ምዕራፍ ከተሞቹ ወደ 83 ከፍ ብለዋል። የትምህርት ቤት ምገባውም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይለይም። አዲስ አበባ በ2012 ዓ.ም. በመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ቁርስና ምሳ ማብላት ጀመረች፤ የዙሪያው ከተሞች ልጆች ወሬውን ሰሙ፣ ምሳውን አላዩም።

እንግዲህ ነዋሪው ራሱ ምን ያደርጋል? የሚለው ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ግን ድህነት በልጅ ላይ በየቀኑ ምን እንደሚሠራ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ መፍትሔው ሁሉ ደብተርና እስክሪብቶ ይመስለናል።

የሸማኔ ቤት ልጅን እንውሰድ። ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ዘርግቶ መወርወሪያውን ሲያመላልስ፣ ማጉ በትንንሽ ቀሰም ላይ ተጠንጥኖ ሊቀርብለት ይገባል። ቀሰሙ ባለቀ ቁጥር ሌላ ይፈለጋል። ይህን የሚያጠነጥነው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። ሥራው ከባድ አይመስልም፤ ተቀምጦ ማዞር ነው። ግን አባት ለገበያ ቀን ነጠላ ማድረስ ካለበት ልጁ ትምህርት ቤት ሄደ ማለት ሸማው ቆመ ማለት ነው። ሱሉልታ ደግሞ ክረምቱ አልፎ ሜዳው ቢጫ ሲለብስ የድርቆሽ አጨዳ ይመጣል፤ የዓመቱ ትምህርት ገና መሞቅ ሲጀምር ማለት ነው። ሰበታ ያለችው የፋብሪካ እናት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወለደች በኋላ የ90 ቀን ፈቃድ አላት። በአራተኛው ወር ሕፃኑን ለማን ትታው ትሄዳለች? ሞግዚት የሚቀጠርበት ደመወዝ የላትም። ስለዚህ የአሥር ዓመቷ ታላቅ እህት ከክፍል ትቀራለች። እነዚህ ሦስት ልጆች ከትምህርት የቀሩት ደብተር አጥተው አይደለም። አንዱ ለሸማው፣ ሌላው ለድርቆሹ፣ ሦስተኛዋ ለታናሽ ወንድሟ ሲሉ ነው። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ሦስት ሺህ ያህል ልጆችን እየተከታተለ ያጠና ያንግ ላይቭስ የተባለ ጥናትም የቤተሰብ ሕመምና የገቢ መናጋት ልጆችን ወደ ሥራ እንደሚገፋ ደጋግሞ አሳይቷል።

ለዚህ ነው የአንድ ቀን ስጦታ ብዙ የማያስኬደው። በጳጉሜ መጨረሻ ባነር ተሰቅሎ፣ ሕፃናት ተሰልፈው፣ ቦርሳ ሲታደል ሁላችንም አይተናል። ቦርሳው አይከፋም። ኅዳር ላይ እናት ስትታመም ግን ቦርሳው ምንም አያደርግም። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው እናት መታመሟን በሦስተኛው ቀን የሚያውቅና በአራተኛው ቀን በር የሚያንኳኳ ሰው ነው። በእነዚህ ከተሞች ይህን ማድረግ ከሚችሉት የመጀመሪያው እድር ነው።

እድር ምን እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት ድፍረት ይሆናል። ግን ለልጆች ድጋፍ የሚያበቃው የትኛው ጠባዩ እንደሆነ መለየት ይጠቅማል። እድር የአባላቱ ስምና የቤተሰባቸው ዝርዝር የሰፈረበት መዝገብ አለው፤ በየወሩ የሚሰበሰብ መዋጮ አለው፤ ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ሂሳብ መርማሪ አለው፤ የቀረ ይቀጣል። ከሁሉም በላይ ለቅሶ ቤት ስለሚቀመጥ የማን ቤት ጓዳ ባዶ እንደሆነ ያውቃል። አንድ መሥሪያ ቤት ይህን መረጃ የሚያገኘው ጥናት አሠርቶ፣ መጠይቅ በትኖ፣ አበል ከፍሎ ነው።

የሚጎድለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እድር የተቋቋመው ለሞት ነው። መተዳደሪያ ደንቡ ገንዘቡ ለቀብር፣ ለድንኳን፣ ለንፍሮና ለሐዘንተኛው ቤተሰብ እንደሚውል ይደነግጋል። የ1990ዎቹ የኤች አይ ቪ ዘመን ይህን ልማድ አናጋው። እድሮች በወር ብዙ ሰው እየቀበሩ ካዝናቸው ሲመናመን፣ ከቀብር በኋላ የሚቀሩት ልጆች ደግሞ እጃቸው ላይ ሲወድቁ፣ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ብዙዎቹ ደንባቸውን አሻሽለው የታመመ ማስታመምና ወላጅ አልባ ልጅ መርዳት ጀመሩ። ዛሬ በዙሪያው ከተሞች የምናየው የእድር ልማታዊ ሥራ ሥሩ ያ ዘመን ነው።

ደንቡ የሚሻሻለው በጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ ክርክሩም ሁልጊዜ ያስደስታል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ወንበሮቹ ከመጋዘን ወጥተው፣ ሰሃንና ብርጭቆ የጎደለበት ሂሳብ ሲነበብ ቆይቶ፣ በመጨረሻ አንዱ ተነሥቶ «የልጆቹ ጉዳይ» ይላል። ወዲያው ከኋላ አንድ አዛውንት፦ «እኔ ሠላሳ ዓመት የከፈልኩት ለቀብሬ ነው። የደብተር መግዣ ካደረጋችሁት እኔን ማን ይቀብረኛል?» ይላሉ። ሰው ይስቃል፤ ጥያቄው ግን የሚያስቅ አይደለም። የእድር ገንዘብ በቁጠባ የተቀመጠ የሰው አደራ ነው። ተገቢው መልስ የቀብሩን ገንዘብ ሳይነኩ ሌላ ቋት መክፈት ነው። ሁለት መቶ አባወራ ያለው እድር በወር መዋጮው ላይ አምስት አምስት ብር ቢጨምር በወር 1,000 ብር፣ በዓመት 12,000 ብር ይሆናል። ገንዘቡ በሌላ መዝገብ ተይዞ፣ በሌላ የባንክ ሂሳብ ተቀምጦ፣ በቃለ ጉባኤ ካልተወሰነ ከሁለቱ ቋቶች አንዱ ለሌላው እንዳይበደር ይደረጋል። አዛውንቱም በሰላም ይቀመጣሉ።

12,000 ብር ትንሽ ናት። ለአሥር ልጆች ብትከፈል ለአንዱ 1,200 ብር በዓመት። በዚህ ዘመን የኑሮ ውድነት ይህን እርዳታ ብሎ መጥራት ያሳፍራል የሚል ይኖራል። እኔ እንዲህ አላየውም። የእድር ገንዘብ ጥቅሙ በመጠኑ ላይ አይደለም፤ ሌላ በር መክፈቻ መሆኑ ላይ ነው። ለምሳሌ የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ዓመታዊ መዋጮ ለመላው ቤተሰብ ነው የሚከፈለው። እድሩ ለአንዲት እናት ያንን ከከፈለላት ልጆቿ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ጤና ጣቢያ ይታከማሉ። ለወረዳው «ይህች ሴት ነዋሪያችን ናት» ብሎ ደብዳቤ መጻፍ ደግሞ ምንም አያስወጣም። ደብዳቤው ግን መታወቂያ ያስገኛል፤ መታወቂያው የልደት ምስክር ወረቀት፣ የልደት ምስክር ወረቀቱ ደግሞ የሌላውን አገልግሎት ሁሉ በር ይከፍታል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ከቀድሞ ቀበሌዋ መሸኛ ሳትይዝ ከገጠር የመጣች እናት ልጇን ለማስመዝገብ ስትሞክር መጀመሪያ የራሷን ማንነት ማስረዳት ይጠበቅባታል። በከተማ ዳር ብዙ ልጅ ከወረቀት ውጭ የሚያድገው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ማን ይመረጥ የሚለው ነው፤ እድር የሚከብርበትም የሚዋረድበትም ቦታ ይህ ነው። ችግረኛው ሃምሳ ሆኖ ገንዘቡ ለአሥር ብቻ ሲበቃ፣ የዳኛው የእህት ልጅ ዝርዝሩ ውስጥ ከተገኘ ነገሩ በዚያው ያበቃል። መድኃኒቱ ግልጽነት ነው እንላለን፤ ስሙ በጉባኤ ይነበብ። ግን «ምግብ የሌላት የእገሌ ልጅ» ተብሎ በሁለት መቶ ሰው ፊት የተነበበች ልጅ ሰኞ ትምህርት ቤት ምን ትባላለች? ስለዚህ የተሻለው አሠራር እንዲህ ይመስለኛል፦ መስፈርቱ በጉባኤ ይጸድቃል፤ ምርጫውን ቤት ለቤት ዞሮ የሚያይ፣ ሴቶች የሚበዙበት ትንሽ ኮሚቴ ያከናውናል፤ ለጉባኤው የሚነገረው ቁጥሩና ወጪው ብቻ ነው፤ ስሙን ማየት የሚፈልግ አባል ጸሐፊው ዘንድ ሄዶ ያያል። ሴቶች ይብዙበት የምለው ለወጉ አይደለም። አንዲት እናት ጓዳዋን ለሴት እንጂ ለእድር ዳኛ አትከፍትም። በየሰፈሩ የሴቶች እድር ለብቻው መኖሩ ለዚህ ሥራ ትልቅ ሀብት ነው፤ ወንዶቹ ግን ብዙ ጊዜ ይረሱታል።

አንድ የሕግ ነጥብ ላንሣ። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን ይመራ የነበረው አዋጅ ቁጥር 621/2001 እድርንና ዕቁብን ከሕጉ ውጭ አድርጓቸው ነበር፤ እሱን የተካው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011ም እንዲሁ። ይህ እድርን ከቢሮክራሲ አድኖታል። በሌላ በኩል እድር ከለጋሽ ገንዘብ ተቀብሎ የልማት ሥራ ልሥራ ሲል ሌላ ሕጋዊ ስም ያስፈልገዋል። በየከተማው በርካታ እድሮች ተሰባስበው የእድሮች ጥምረት ወይም የልማት ማኅበር የሚያቋቁሙበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሁለተኛው መንገድ ራስ አገዝ ቡድን ነው። ይህ ከእድር በእጅጉ ያነሰ ዕድሜ ያለው፣ ከውጭ መጥቶ አገር የለመደ አሠራር ነው። መነሻው ሕንድ ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በ1994 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ከመጀመሪያዎቹ ጀማሪዎች አንዷ የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ናት፤ አዳማ (ናዝሬት) ላይ በድምሩ መቶ ያህል ሰዎች ባሉባቸው አምስት ቡድኖች ነበር የጀመረችው። ኪንደርኖትሂልፈ የተባለው የጀርመን የሕፃናት ድርጅትም አሠራሩን በስፋት ይዞታል። የሕፃናት ድርጅት ሆኖ ገንዘቡን ለልጆች ሳይሆን ለእናቶች ስብሰባ ማዋሉ በመጀመሪያ ግራ ያጋባል። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው፤ የልጅ ምሳ የሚወሰነው እናቱ እጅ ላይ ባለው ገንዘብ ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ፣ ኑሯቸው ተቀራራቢ የሆነ ሴቶች በሳምንት አንድ ቀን ይሰበሰባሉ። ከፍ ያለ ኑሮ ያላት እንድትገባ አይፈለግም፤ እሷ ከገባች ቡድኑ የእሷ ይሆናል። ቋሚ ሊቀመንበር የለም፤ ስብሰባውን በየሳምንቱ ተራ የደረሳት ትመራለች። ማንበብ የማትችለውም ትመራለች። እንበልና 18 ሴቶች በሳምንት 20 ብር ቢቆጥቡ፣ በሳምንት 360 ብር፣ በ50 ሳምንት 18,000 ብር ይሆናል። ከዕቁብ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፦ ገንዘቡ በዕጣ ለአንዷ አይሰጥም፤ እየተበደሩ ከነትንሽ ወለዱ ይመልሱታል፤ ወለዱም ለቡድኑ ይቀራል። ስምንት አሥር ቡድኖች ሲበስሉ ተወካዮች ልከው የክላስተር ኅብረት ያቋቁማሉ፤ ኅብረቶቹ ደግሞ ፌዴሬሽን።

ብድሩ የልጅን ሕይወት እንዴት እንደሚነካ በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ጤፍ በኪሎ ትገዛለች፤ ኩንታል የሚገዛው ግን በኪሎ ሲሰላ በርካሽ ያገኘዋል። ድሃ መሆን ያስከፍላል። ከቡድኑ ተበድራ ግማሽ ኩንታል ስትገዛ፣ እንጀራው ያው፣ ጉልበቱ ያው ሆኖ ልዩነቱ ኪሷ ይገባል። ብድሩን በሁለት ወር መልሳ ልዩነቱ ይቀርላታል። ያ ገንዘብ ነው እንደ ሰበታዋ ታላቅ እህት ያለችውን ልጅ ወደ ክፍል የሚመልሳት፤ አንዳንዴ በቀጥታ፣ አንዳንዴ ደግሞ ከቡድኑ አንዷ በተራ ሕፃናቱን እየጠበቀች። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር፤ የእንጀራ ሻጭ መሥሪያ ቤቷ ምድጃዋ ስለሆነ ማቆያውን ጎረቤት ነው የሚያቋቁምላት።

የራስ አገዝ ቡድን እንቅፋቱ ዝግታው ነው። የመጀመሪያው ዓመት ወሬ ብቻ ይመስላል፤ ለፎቶ የሚሆን ነገር የለውም። ለጋሽ ቸኩሎ መነሻ ገንዘብ ሲያፈስበት ደግሞ ቡድኑ ይበላሻል፤ የራስን ገንዘብ የሚጠብቅ ዓይን የሰውን ገንዘብ አይጠብቅም።

ወላጅ ጭራሽ ለሌለው ልጅስ? እዚህ ላይ አገራችን ረጅም መንገድ ሄዳለች። አበበች ጎበና የተወለዱት ከሱሉልታ አልፎ ባለው በሰላሌ ነው። በ1973 ዓ.ም. ገደማ ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ወሎ ወርደው፣ ድርቁ የጣላቸውን ሰዎች ሲያዩ፣ የሞተች እናቷን ጡት ይዛ ያገኟትን ሕፃን ጨምረው ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። በዓመቱ ልጆቹ 21 ደረሱ፤ ትዳራቸውም በዚሁ ፈረሰ። ቆሎና እንጀራ እየሸጡ ያቆሙት ቤት አድጎ በስማቸው የሚጠራ የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር ሆነ። እሳቸው በሰኔ 2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስም ልጆቻቸውን አልተለዩም። የሚገርመው ማኅበሩ ራሱ በጊዜ ብዛት በግቢው ውስጥ ከሚያሳድጋቸው ልጆች በላይ በየሰፈሩ ከቤተሰባቸው ጋር ያሉትን መርዳት መያዙ ነው። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ የሕፃናት ማሳደጊያ ሆኖ የተመሠረተው፣ ዛሬ ጄክዶ የሚባለው ድርጅትም በ1990ዎቹ አካባቢ ልጆቹን ወደ ዘመድና ማኅበረሰብ መልሶ፣ ሥራውን ከእድሮችና ከመሰል ማኅበራት ጋር ማድረግ ጀመረ። ምክንያቱ ወጪ ብቻ አልነበረም። በግቢ ያደገ ልጅ 18 ዓመት ሞልቶት ሲወጣ ዘመድ የለውም፣ የለቅሶና የሠርግ ወግ አያውቅም፣ እድር የለውም።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው ጉዲፈቻ ነው። እነዚህ ከተሞች ባሉበት የኦሮሞ ባህል ልጅን ተቀብሎ እንደ አብራክ ልጅ ማሳደግ ነባር ሥርዓት ነው፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 213/1992ም በሕግ ያውቀዋል። በ2010 ዓ.ም. ፓርላማው የውጭ አገር ጉዲፈቻን ሲከለክል የአገር ውስጡ ሸክም ጨመረ። አሳዳጊ ዘመድ ሲገኝም ችግሩ አያበቃም፤ ሁለት ልጅ ያላት አክስት ሦስተኛ ስትቀበል አራቱም አንድ ላይ ይደኸያሉ። እድር ወይም ራስ አገዝ ቡድን መጀመሪያ ሊደርስላት የሚገባው ለእንዲህ ያለችው አክስት ነው።

ስለ ትምህርት ቤቱ ምሳ ደግሞ በኦሮሚያ በኩል የተገኘው መላ ቡሳ ጎኖፋ ነው። በነባሩ ሥርዓት ከብቱ ያለቀበት ሰው ዘመድ ወገኑ አንዳንድ ጊደር አዋጥቶ መልሶ ያቋቁመዋል። ክልሉ ከ2014 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ይህንን ሥርዓት በተቋም አደራጅቶት፣ ነዋሪው በገንዘብ፣ በእህልና በከብት እያዋጣ የተማሪዎች ምገባም ይደገፍበታል። ሐሳቡ መልካም ነው። የማስታውሰው ነገር ቢኖር፣ በባህሉ ጊደር የሚሰጠው ሰው ተቀባዩን ያውቀዋል፤ መዋጮ ከደመወዝ ወይም ከንግድ ፈቃድ ማደሻ ጋር ተያይዞ ሲሰበሰብ ግን ሰጪው ግብር የከፈለ ይመስለዋል። ትምህርት ቤቱ እህሉ ስንት እንደገባና ስንት ልጅ እንደበላ በየወሩ ግድግዳ ላይ ቢለጥፍ ግማሹ ቅሬታ ይቀላል። ምግቡን የሚያበስሉት መጋቢ እናቶች ከችግረኛ ቤተሰብ ሲመረጡ ደግሞ ያው ብር ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ ልጁ ይበላል፣ እናቱ ደመወዝ ታገኛለች።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። እስካሁን ያነሣናቸው ሁሉ፣ በተለይ እድር፣ ያወቁትን ይረዳሉ። በእነዚህ ከተሞች እጅግ ድሃው ልጅ ግን ማንም የማያውቀው ነው። እድር ለመግባት አዲስ አባል ከወርሃዊው በተጨማሪ የመግቢያ ክፍያ ይጠየቃል፤ ድንኳኑና ወንበሩ የተገዛው በነባሮቹ ገንዘብ ስለሆነ የድርሻውን ማዋጣት አለበት። አግባብ ያለው ሕግ ነው። በየስድስት ወሩ ኪራይ እየጨመረባት ከሰበታ ወደ አለም ገና፣ ከዚያ ወደ ፉሪ ለምትዘዋወር ተከራይ ግን ያ ክፍያ በየሄደችበት እንደ አዲስ የሚከፈል ነው። ስለዚህ አትገባም። ካልገባች ደግሞ መዝገቡ ውስጥ ልጇ የለም። የተሻለ ቤት ያለው ነባር ነዋሪ ችግር ሲገጥመው ይደረስለታል፤ ከግቢው ጀርባ በቆርቆሮ ክፍል የተከራየችው ጎረቤቱ አይደረስላትም።

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ የተካሄደው የቤቶች ማፍረስ ይህን ክፍተት አሰፋው። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በዚያው ዓመት ስለ ፈረሳው ባወጣው ሪፖርት በነዋሪው ላይ ስለደረሰው ጉዳት ተናግሯል። የጨረቃ ቤት ሕገ ወጥ ነው አይደለም የሚለው ክርክር የራሱ ቦታ አለው። እዚህ ላይ የሚነሣው ቤቱ ሲፈርስ እድሩም መፍረሱ ነው። ሰፈሩ በአራት አቅጣጫ ሲበተን መዝገቡን የሚይዝ ጸሐፊ፣ መዋጮ የሚከፍል አባል፣ ልጁን የሚያውቅ ጎረቤት አይኖርም።

ለተከራይ ልጆች የተሻለው መግቢያ ትምህርት ቤቱ ይመስለኛል። ቤት የሌላት እናት እድር ላይኖራት ይችላል፤ ልጇ ግን ክፍል አለው፣ የክፍል ኃላፊ መምህርም አለው። በተከታታይ ሦስት ቀን የቀረ ልጅ ስም ከስም መጥሪያው ላይ ወጥቶ በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት፣ ማለትም በወመተህ በኩል፣ ለአካባቢው እድሮች ጥምረት ቢደርስ፣ ኮሚቴው አባል ሁኑ አትሁኑ ሳይል ቤት ሄዶ ያያል። ራስ አገዝ ቡድኖችም ተከራይን ለመቀበል የሚከለክላቸው ነገር የለም፤ የድንኳን ድርሻ የላቸውምና። እድሮቹ በበኩላቸው የመግቢያ ክፍያውን በሁለት ዓመት ተከፋፍሎ እንዲከፈል ማድረግ ወይም ለልጆቹ ቋት ብቻ የሚያዋጣ፣ የቀብሩ ድርሻ የሌለው አባልነት መፍቀድ ይችላሉ። አዛውንቱ እዚህም ላይ እንደሚነሡ አውቃለሁ፤ «ሳይከፍል የሚቀበር ሊመጣ ነው?» ይላሉ። መልሱ በደንቡ ውስጥ በአንድ አንቀጽ ሊገባ የሚችል ነው።

የቀረው ከከተማ ወደ ከተማ የሚደረገው ዝውውር ነው። ቤተሰቡ ከቡራዩ ወደ ሱሉልታ ሲሄድ ልጁ የትምህርት ማስረጃውን ይዞ ይዛወራል፤ ድጋፉ ግን ቡራዩ ይቀራል፤ ሱሉልታ ላይ እንደገና ማንም የማያውቀው ልጅ ይሆናል። ሦስቱ ከተሞች አሁን በአንድ ከተማ አስተዳደር ሥር ናቸው። የእድሮቹ ጥምረቶች የልጁን ሁኔታ የሚገልጽ አንድ ገጽ ደብዳቤ ከትምህርት ማስረጃው ጋር ለማያያዝ ቢስማሙ ወጪው የወረቀት ነው። የሚያከራክረው ተቀባዩ እድር ከራሱ ሰፈር ልጆች አስቀድሞ ለመጣው ቦታ ይስጥ አይስጥ የሚለው ይሆናል፤ ለመጀመሪያው ስድስት ወር ላኪው ጥምረት ወጪውን ቢሸፍን ይህም መላ አያጣም።